ያው አሰላለፍ

ከኮሌጁ በር ማዶ፣ እዚሁ ሰንጋ ተራ፣
ሁለት በሁለት ሱቅ አለችኝ፣ ፎቶ ኮፒ የምሠራ።
የልደታ ችሎት መጥሪያ፣ የኪራይ ውል፣ የልደት ካርድ፣
ሁሉም በእጄ ይባዛል፤ እንደ ዳቦ ሙቅ ይወጣል በብርድ።

ዐርብ ዐርብ ታዲያ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ፣
ረዳቱ ልሳነወርቅ ይገባል፣ ዐይኔን ሳያይ፣
የነገውን አሰላለፍ ዘርግቶ «ስድስት ኮፒ» ይለኛል።
ምን ያስነብበኛል? ጣቴ ሸምድዶታል፦

በረኛው ያው ነው። ተከላካዩም ያው።
ግራ ክንፍ የዲኑ የእኅት ልጅ ነው፣ እሱም ያው።
አምበሉ ጉልበቱ ካበጠ ሦስተኛ ወሩ፣ እሱም ያው።
ቀኑ ብቻ በእስክሪፕቶ ተሰርዞ
ሌላ ቀን ተጽፏል፣ አሮጌው ላይ ተመርኩዞ።

አንድ ዐርብ አላስቻለኝም፦ «ስማኝማ፣ ልሳነወርቅ፣
ካለፈው የተረፈ አለ፤ ቀኑን ፍቀህ ውሰድ፣ ኪስህን አታድርቅ።»
አልሳቀም። ስድስቱን ቆጠረ፣ ከፈለና ወጣ።
ነገ እንተያያለን ብዬ ዝም አልኩ። ነገም መጣ።

ቅዳሜ ሱቄን ቆልፌ፣ ብርቱካንማ ሻርፔን ጠምጥሜ፣
ድንጋዩ ደረጃ ላይ ነኝ፣ ከጎሚስታው ዋሲሁን አጠገብ ቆሜ።
ከበላያችን ወይዘሮ ብርነሽ፣ ከሬጅስትራር በጡረታ የወጡ፣
ተቃራኒውን ሳይሆን የኛን አሠልጣኝ ሊቆጡ የመጡ፦
«ይኼ ሰውዬ ተማሪ ቢሆን፣ በእግዜር ስም እላለሁ፣
መባረሪያውን በአንደኛው መንፈቅ በገዛ እጄ እጽፋለሁ!»

እሱ፣ አሠልጣኝ ምንተስኖት፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣
ቆሟል፣ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ እንዳጣ ሰው ተማርሮ።
የበረኞች አሠልጣኝ ስልኩን ይነካካል፤
የአካል ብቃት ባለሙያው ሳምቡሳ ይገምጣል።
«ቀይረው!» እንላለን። ሰዓቱን ያያል።
«ቀይረው እንጂ!»
ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ
የሚሮጠውን አስወጥቶ የሚያነክሰውን ያቆያል።

ሦስት ለዜሮ። ዋሲሁን ሻርፑን አውልቆ ሜዳው ላይ ወረወረ፤
ብርዱ ሲጠናበት ወርዶ አነሳው፣ ጭቃውን አራግፎ አንገቱ ላይ አሠረ።

ሰኞ አቤቱታ ጻፍን፦ «አሠልጣኙ ከነረዳቶቹ ይነሱልን!»
ሁለት መቶ ኮፒ፣ በነጻ፤ ማሽኔም ያለወትሮው ወረቀት ሳይነክስ ሠራልን።

ረቡዕ ዝናብ ሆነ። በሩን ገፍቶ ራሱ ምንተስኖት ከች፣
ጫማው ውሃ ይተፋል፣ በፌስታል ያቀፋት ወረቀት ግን ደርቃለች።
የሥራ ልምድ ማስረጃ። «አሥር ኮፒ» አለኝ፣ ድምፁ ሰልሎ።
ልቤ ጨፈረ፣ ተመስገን፣ ሊለቅ ነው ብሎ።
የማሽኑ ብርሃን ሲያልፍበት ግን አንድ መስመር አየሁ፦
«የሁለት ሺህ አራት የኮሌጆች ዋንጫ አሸናፊ»፤ ደግሜ አነበብኩ፣ ቆየሁ።
ያን ቀን ነበርኩ። ከስታዲየም እስከዚህ በር፣ የቀኝ እግሩ በኔ ትከሻ፤
ሳምንት ሙሉ ድምፄ ተዘግቶ፣ ደንበኛ ያናገርኩት በጥቅሻ።

ዐይኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ቁልሉ ላይ አረፈ። አንዱን አነሳ።
እስከ ታች አነበበው።
«ስንት ኮፒ ነው?» «ሁለት መቶ።» «ቀለምህ ጥሩ ነው» አለ።
ሂሳብ አልቀበልም አልኩት። ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ ከፈለ።

ዐርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ልሳነወርቅ። ስድስት ኮፒ።
ገለጥኩት። በረኛው ያው። የእኅት ልጁ ያው። ያበጠው ጉልበት ያው።
ቀኑ ብቻ።

ወረቀት ተወዷል፤ ንጹሕ ገጽ ለዚህ አይባክንም፤
ከጠረጴዛው ሥር አቤቱታዎቹን ሳብኩ፣ ማንም አላየኝም።
ስድስቱን በባዶ ጀርባቸው አተምኩና ሰጠሁት በዝምታ፣
በአንድ ፊት አሰላለፍ፣ በአንድ ፊት አቤቱታ።
ከዚያ በሩ ላይ እንደ ወትሮው ማስታወቂያዬን ለጠፍኩኝ፦
«ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።» ሻርፔን ላጥብ ሄድኩኝ።