«እንዲህ ያለ የለም»

ሰኞ ነው። መሐል ሜዳ።
ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ረግፎ፣
የመሬት ጽሕፈት ቤት ሰልፉ ከበር አልፎ፣
አንዱ ባና ደርቦ፣ አንዷ ከግንብ ተደግፋ
ጣቶቿን እፍ ትላለች ደብተሯን አቅፋ።

ውስጥ ስድስት ኮምፒውተር፣ ስድስቱም ባንድ ቃል፦
«ዶሜይኑ አልተገኘም፤ መግባት አይቻልም» ይላል።
ዘነበወርቅ የይለፍ ቃሏን ደጋግማ ጻፈች
(የልጇ ልደት ነው፤ ቢሮው ሁሉ ያውቃል)።
«በእግዜር፣ አልረሳሁም!» አለች።
«አንቺማ አልረሳሽም» አልኳት፣
«እሱ ነው የጠፋው፣ ማንን እንደሚጠይቅ።»

ገመዱን ነቀልኩት፣ መለስኩት። መብራቱ
አረንጓዴ ነው፤ ብልጭ ይላል በሰዓቱ።
ሰዓት ስል፣ ሰዓቱን አየሁ። አንዱ ተነሥቶ
በሀበሻ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሞልቶ
ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶታል።
አገኘሁት ብዬ አቃናሁ። ሞከርኩ።
ያው መልስ። ሰው ፊት አፈርኩ።

ሰርቨሩ ከጎን ነው፤ ግድግዳ ነው ልዩነት፣
ማራገቢያው ሲያጓራ ይሰማል ከዚህ ቤት።
በቁጥሩ ስጠራው፣ አራቴ «አለሁ» አለ።
በስሙ ስጠራው፣ «እንዲህ ያለ የለም» ተባለ።

ቆይ። ማን ነው «የለም» ባዩ?

ዓርብ ማታ ለካ፣ ኢንተርኔት ዘገየ ብሎ
ስንሻው አዲስ ራውተር ራሱ ተክሎ
ሄዷል።
ሣጥኑም ሳይጠየቅ ለስድስቱም ሹክ አላቸው፦
«ስም የቸገረው ይምጣ፤ እኔ ነኝ የማውቃቸው።»

ያውቃል ደግሞ! የባሕር ማዶውን ጋዜጣ፣
የትኛው ቡድን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣
በስም በስሙ ጠርቶ ያመጣ፤
ይህን ከግድግዳው ኋላ የሚያጓራውን ግን
ስሙን ሰምቶት አያውቅም።
ሰውም እንዲሁ ነው፣ ልል ነበር። ተውኩት።
በር ላይ ሰው ቆሟል፣ ብርድ ነው።

የሣጥኑን አፍ ዘጋሁ። ለስድስቱም፣ አንድ ባንድ፣
«ከጎን ያለውን ጠይቁ» ብዬ ጻፍኩ፤
የያዙትን የሐሰት ትዝታ አስረሳሁ።

አራት ሰዓት ተኩል። የልጇን ልደት ጻፈች፣
ገባች።
«ወልደሰንበት ይፍሩ!» ብላ በመስኮት ተጣራች።
ዝም።
«ወልደሰንበት ይፍሩ!»
ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ።
ሦስተኛ ልትጣራ ስትል፣ ከኋላ አንዲት ሴት
አንዱን ሽማግሌ በክርኗ ጎሸም አድርጋ
«ዘርጋው፣ ተነሥ እንጂ! አንተን'ኮ ነው» አለችው።

«እኔን?» አለ፣ ባናውን እየሰበሰበ።
«በዚያ ስም የሚጠራኝ የንስሐ አባቴ ነው፤
እናንተ ደግሞ ከማን ሰማችሁ?»