የጳጉሜን ወለድ

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ ሰንጋ ተራ፣
ሊፍቱ ቆሞ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣
ጳጉሜን ሦስት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣
ባንኩ ሰው የለበትም፤ እኔና ስህተት።

አሥራ ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ የነበረው ፈተና
ዛሬ ቀላብኝ፣ ኮዱን ሰው ሳይነካው ገና።
ለገሃር ጀርባ ጎማ የሚጠግን ተበዳሪ አለ፤
አምስቱ ቀን ሠላሳ ተብሎ ተሰላበት፤ ዕዳው አየለ።
ሃያ አምስት ቀናት፣ ማንም ያልኖራቸው፣
ወለድ ግን ወለዱ፤ ባንኩም ጻፋቸው።

ሌባውን አገኘሁት፤ ከስሌቱ ሆድ ውስጥ ተጋድሟል፣
«ዛሬ ስንት ነው?» እያለ ከሰርቨሩ ሰዓት ይለምናል።
ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ለማንም ሳይነግር
ሹልክ ይላል በጓሮ በር፣
የፈረንጅ ቀን ይዞ ይመለሳል፤
ጳጉሜን ስትገጥመው ሙሉ ወር መስላው ሙሉ ያስከፍላል።

ትርሲት ጃኬቷን ለብሳ ልትወጣ ነበር፤
ወንበር ስባ ቁጭ አለች፤ አየችው ያን መስመር።
«ይኼን የሠሩት ሰዎች» አለች፣ «ትልቁን ማዕቀፍ አመኑ፤
ሁሉን ከከረጢቱ ያድላል፤ ማን ምን እንደወሰደ ማን ያውቃል በውኑ?
መምህራችን ‹ጥገኛን በመርፌ መውጋት› ብሎ ሲተረጉመው
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ የሆድ ትል መድኃኒት ነው የመሰለው።
ነገሩ ግን ይኼው ነው፦
የሚያሻህን ደጅ ቆመህ ተቀበል፤
ከገባህ በኋላ አትውጣ፤ ‹አንዴ ልይ ብቻ› አትበል።

አንተ አልደረስክባቸውም፤ ጋሽ ውብሸት የሚባሉ ነበሩ፣
ምድር ቤት፣ ከመዝገቡ ጋር የኖሩ።
ጠዋት በብጣሽ ወረቀት ቀኑንና የወለዱን ተመን
ይቀበሉና ካፖርታቸው ደረት ላይ
በመርፌ ቁልፍ ይሰኩታል። ያው መርፌ አይደል? እመን!
ከዚያ ወዲያ ደብተር ብቻ ነው የሚገባው፤
አንድ ደብተር፣ አንድ መልስ፤ ዛሬም ነገም ያው።
ከራስጌያቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ቀና ብለው አያዩትም።
‹ቀን የሚሰጠኝ ሰው ነው፤ ግድግዳ አያዘኝም።›»

ጻፍነው። ሰዓቱን አወጣነው ከሆዱ፣
ቀኑ በደጅ ይግባ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በመንገዱ።
ማዕቀፉን አላባረርነውም፤ በር ላይ ቀረ፣ እንደ ታክሲ ረዳት፤
ይጩኽ፣ ይጨቃጨቅ፣ ዝርዝር ይለቃቅም፤ ለዚያ ነው የተፈጠረበት።
ሾፌሩ ብር አይነካም፤ ዓይኑ ከአስፋልቱ አይነሣ፤
ስሌቱም እንዲያ መሪውን ይያዝ፣ የውጩ ሁካታ ይረሳ።
ጳጉሜን አምስት ሰጠነው፤ የአምስት ቀን መለሰ።
ስድስት ሰጠነው፤ የስድስት።
«ጳጉሜን ሠላሳ» ብንለው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ከሰሰ።
ትርሲት ሳቀች፤ ከመጣሁ ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ።

ዘጠኙን ፎቅ በስልክ መብራት ወረድን። ካፊያ ነው።
ከብሔራዊ ቴአትር ማዶ ተለያየን፤ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ነው።
«ዋልክ ደህና?»
«ደህና።»
ትናንትም ደህና፤ ከሥራ የታገድኩ ለትም ደህና፤
ፍሬሰላም ትታኝ የሄደች ማታም ያችው ቃል ወጣችና
እናቴ «ተመስገን» ብላ ዘጋች።
ንጹሕ ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ።
ጓሮዬን ማን ፈትሾት ያውቃል፣ ሹልክ ብዬ ስወጣ፣ ስመለስ?

ሜክሲኮ ላይ ረዳቱ «ዝርዝር ያዙ!» አለ በመስኮት፤
ገብቼ፣ ተቀምጬ፣ ኪሴን ብዳስስ አንዲት የመቶ ብር ኖት።
«ወንድሜ፣ ሳትገባ ነበር! ከየት አምጥቼ ልመልስልህ፣ ስፈልግ ሊነጋ?»
ልክ ነው። ወረድኩ።
ካፊያው ውስጥ፣ መቶ ብሬን ይዤ፣ የሚዘረዝርልኝ ሰው ፍለጋ።