ያመለጠን ጀልባ

ከቺሊ ግርጌ፣ ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
የየቤቱ ቁልፍ አለው፣ አንኳኩቶ አያውቅም።
ቤታችን በእንጨት እግር ባሕሩ ዳር ቆሞ
ውሃው ሲሞላ እስከ ጉልበቱ ይነከራል ደግሞ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ይነሣል፤
ዘግይቶ ለመጣ ጭሱን ያሳያል።
የልጆቹ መዋያ ማዶ ነው፣ እኔም ማዶ ዓሣ አሽጋለሁ፤
በደቂቃ አሥር ዓሣ፣ ሳልቆጥር አውቃለሁ።
ማታ እጄ ይወጣል ከቀዝቃዛው ጓንቱ፤
ልቤ ግን አልወጣ አለ፣ ይኸው ስንት ዓመቱ።

ቤቴ ውስጥ የምናገረው ቃል አንድ ነው፤
«ቶሎ!»
ለካልሲው ቶሎ፣ ለወተቱ ቶሎ፣
ለሕልም እንኳ ሳይቀር።
«አባዬ፣ ሌሊት አንድ ዓሣ ነባሪ…»
ብላ ስትጀምር ኔሊዳ፣
«ማታ ትነግሪኛለሽ።»
ማታ ሲሆን ዓሣ ነባሪው የለም፤
ሕልም በጨው አይቆይም።

እንቁላል እንኳ በእግሩ እስኪሄድ
ቀስ በቀስ ተብሎ ቀን ይቆጠርለታል፤
እኔ ለልጄ
አንድ ቦት ጫማ የሚጠለቅበትን ያህል
አልቆጠርሁላትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኢላርዮ፣ ትንሹ፣
ከምድጃው ሥር ሆኖ፣ ዐመድ ነክቶት ልብሱ፣
የእንጨት ፈረሱን አንገቱን አስሮ፣
ድምፁን አወፍሮ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣
«ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ! ጀልባው ሊያመልጠን ነው!»
ይለዋል።
ፈረሱ ዝም።
እኔም ዝም።
የማን ድምፅ እንደሆነ አልጠፋኝም፤
በመስተዋት ራሴን አይቼ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም።

መርጬ ቀረሁ ብል ውሸት ነው። ሮጫለሁ፤
አንዱን በክንዴ አቅፌ፣ አንዷን እየጎተትሁ።
ግን የግራው ጫማ በቀኝ እግሯ ነበር፤
ወደቀች ኔሊዳ፣ ወደቡ በር ስንደርስ፣ ከእርጥቡ ጠጠር።
ጉልበቷን እስካብስ ገመዱ ተፈታ፤
ጀልባው ጀርባውን ሰጠን፣ ሄደ በዝግታ።

የሚቀጥለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።
ምን ይደረጋል?
ከመርከብ ማሰሪያው ጉቶ አጠገብ ተቀመጥን።
ለምሳ የያዝሁት ድንች ኪሴ ውስጥ አለ፣
ልጣጩ ሐምራዊ፣ በደንብ የበሰለ፣
ገና ትኩስ። ሳንበላው በፊት
ተራ በተራ እጃችንን አሞቅንበት።

ውሃው እየሸሸ ጭቃውን ገለጠው።
አንድ ሸርጣን ወጣ።
«አባዬ፣ ለምንድነው በጎን የሚሄደው?»
አላውቅም አልኋት። እውነቴን ነው።
«ገባኝ» አለች፣ እግሯን እያየች፣
«እንደኔ ጫማውን አገላብጦት ነው።»

ኢላርዮ ባሕሩ ላይ የተኙትን አንገተ ጥቁር ዝዮች ይቆጥራል፤
«አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አሥራ አንድ፣ አራት…»
በእሱ ቁጥር ሦስት የለም።
አላረምሁትም፤
ሦስትን ይዘን የተቀመጥነው እኛ ነን መሰለኝ።

ያን ዓሣ ነባሪ ጠየቅኋት።
«የቱን?»
ረስታዋለች።
ጥቂት አሰበችና ሌላ ፈጠረችልኝ፤
ይኼኛው ጥርስ የለውም፣ ሾርባ ብቻ ይጠጣል፣
አክስቶች አሉት፣ ሁሉም ያስነጥሳቸዋል።
ዝናቡ ሁለቴ አባርቶ ሁለቴ መጣ፤
ታሪኩ አላለቀም።

ፋብሪካው በር ላይ አለቃዬ ኤውሎሂዮ ሰዓቱን አሳየኝ።
«ምን አጋጠመህ?»
«ሸርጣን» አልሁት።
የግማሽ ቀን ደመወዝ ቆረጠብኝ፤
አልከፋኝም ብል ይህም ውሸት ነው፣
በዚያ ብር ለምድጃው ማገዶ ይገዛ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ደግሞ «ቶሎ!» ብያለሁ፤
አፍ የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም።
ኔሊዳ ጫማዋን እንደ ልማዷ አገላብጣ አጥልቃለች፤
ላስተካክል ጎንበስ አልሁ፣
ቀና ብላ አየችኝ፣
ተውሁት።

በዝናቡ ውስጥ፣ ሦስታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን፣
ወደ ጀልባው ሄድን
በጎን፣ በጎን።