መካከለኛው ድምፅ

ከኩቫ ከተማ ዳር፣ ከተዘጋው ስኳር ፋብሪካ ማዶ፣
ሱቄ በር ላይ ቆመ አሮጌ ኒሳን፣ ቀለሙ በፀሐይ ነዶ።
ጣሪያው ላይ ሁለት ጡሩንባ፣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ፣
እንደተኳረፉ ወንድማማቾች፣ ላይተያዩ በመሐላ።

ከውስጡ ወረደ ቡድራም፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ፣
ሸሚዙ ነጭ፣ የተተኮሰ፣ ክራቫት ባንገቱ።
በዚያ ወገን ማን ያላወቀው፣ ማን ያልፈራው አንደበቱን፣
እየዞረ የሚለፍፍ የሟች ስም፣ የቀብር ሰዓቱን።

«ይህን ዕቃ አሻሽልልኝ» አለ። ደስ አለኝ፤ ነጋዴ ነኝ፤
ዘንድሮ ካመጣሁት ሁሉ የቱን እንደማስቀድም ጨነቀኝ።
«አሥራ ሁለት ኢንች ቤዝ አለኝ፣ ሳጥኑ ወፍራም ጣውላ፣
ሲመታ፣ ወባ እንደያዘው ሰው፣ መስታወት የሚያንዘፈዝፍ ከኋላ።
የካርኒቫል ጎረምሳ ሁሉ በእሱ ስም ይምላል፤
አንድ ሺህ ዋት ማጉያ ጨምር፣ አስፋልቱ ይሰነጠቃል!»

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ትሕትናው አያልቅም ነበር።
«ልጄ፣ ሙታን ቤዝ አይሹም፤
ከደረት በታች ያለ ድምፅ ምን ሊረባ ለመናገር?
ጎረምሳ ያስጨፍር እንጂ ስም አያደርስም ከበር።»

«እንግዲያው ቀጭኑን ውሰድ፤ ሽፋኑ ሐር ነው፣ ጀርመን የሠራው።»
«እሱስ ለቫዮሊን ነው፤ ሜዳ ላይ ንፋስ ነው የሚበላው።
እኔ የምሻው መሐሉን ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር
ባጥር ላይ የሚያወራበትን፣
ጨው አበድሪኝ የሚባባልበትን፣ ያንን መካከለኛ አገር።»

ባትሪውን ለካሁት፤ ደክሟል፤ ዲናሞውም ያቃስታል።
«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ መርዶ በሩጫ ማን ይነግራል?»
«ጡሩንባህ ግን ደህና ነው፤ አምፕሊፋየሩም አልሞተ፤
ታዲያ ምን አስመጣህ?» ብለው፣ ክራቫቱን እየጎተተ
መሬት መሬት አየ።

«ያለፈው ሐሙስ በጠዋት፣ በስልክ ስም ሰጡኝ፤ ጻፍኩ፤
ሦስት መንደር ዞሬ ‹ሪታ ማሃራጅ አረፈች› እያልኩ ለፈፍኩ።
ሪታ ራሷ ወጣች ከጓዳ፣ ማማሰያዋን አንስታ፤
እህቷ ለካ ደርሳለች፣ ከሳን ፈርናንዶ አበባ ገዝታ።
‹የሞተችው ጊታ ናት› አለች፣ ‹የድልድዩ ማዶ ጊታ!›

ጆሮዬ ነው እንጂ ልጄ፣ ጡሩንባው ጥፋት የለውም፤
ጥርሱ የወለቀ ቃል ነው የሚደርሰኝ፤ ድዱን እንጂ ጥርሱን አልሰማም።»

ትልልቁን ሁሉ ከመደርደሪያው ትቼ ጓዳ ገባሁ፤
መዳፍ የምታህል ድምፅ ማጉያ አገኘሁ፤ አቧራዋን ነፋሁ።
ከወንበሩ ራስጌ፣ በደህናው ጆሮው በኩል አሰርኳት፤
ስልኩንም፣ የገዛ ድምፁንም፣ እንድታቀብለው ቀጠልኳት።
በሩን ከውስጥ በሬንጅ ለበጥኩት፣ ቆርቆሮው እንዳያንቋርር፤
አዲስ ባትሪ፣ ወፍራም ሽቦ፤ ፊውዙንም ከጎኑ ማሰር።
በቃ። ያን ቀን ያተረፍኩት ምሳ እንኳ አያበላም።

«ሞክረው» አልኩት። «አንድ፣ ሁለት በል።» ራሱን ነቀነቀ፤
«ይህን ጡሩንባ የሰማ ሰው ስም ነው የሚጠብቅ» ብሎ ሣቀ።
«በሕያው ስም አልሞክርም፤ በሟችም መቀለድ ነውር።»
ደረሰኜን አነሣ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ጀመረ መናገር፣
በዚያው በመርዶ ዜማው፣ ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል፦
«ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ። ባትሪ፣ አንድ።
ግማሹ ዛሬ። ቀሪው... በሦስት ወር ይከፈላል።»

ፍራፍሬ ሻጯ ኦውማቲ ሚዛኗን አስቀመጠች፤
ሁለት ሽማግሌ ቆብ አወለቁ፤ ውሻ እንኳ ዝም አለች።
ታክሲ ቆመ። ሹፌሩ «ማነው?» አለ በእጁ ምልክት፤
«የኔ ዕዳ ነው» አለ ቡድራም፣ አንዲት ጥርስ ሳትጎድልበት።

ማይኩን አጠፋ። ግን ቆየ፣ የሞተሩን ቁልፍ ሳያዞር፤
«እንዲህ ነው እንዴ ድምፄ?» አለ። «ማንም አልነገረኝም ነበር።»