ምዕራፍ ሦስት

አፉላ ላይ ዘንድሮ ልጅ ሁሉ ስለ አንድ መጽሐፍ ያወራል፤
ያላነበበ ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል።
ልጄ ሞራን ሁለት ሌሊት አልተኛችም፤
በሦስተኛው «እንኪ፣ እማ» አለችኝ፤ ቁርሷን አልነካችም።

ከሆስፒታል ጽዳት ስመለስ፣ በንጋት አውቶቡስ፣
ጣቴ በዕብራይስጡ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያነክስ፣
ከተማዋ ግንብ አላት። ሰማዩ አመድ ነው። ዳቦው በሰልፍ ይታደላል።
እውነቱን ልናገር? አዛጋኝ።
የጀግናዋም ልብ አበዛው፤ በየገጹ ይመታል።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ግን በር፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ጸሐፊ፣
ቀና ብሎ ሳያያት ስም ሰራዥ፣ ስም ጻፊ።
«ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ይኸ ነው።»
ልጅቷ ጮኸች፤ መዝገቡን ቀደደች።
የኔዋ ፌርማታ በመስኮቱ አለፈች።

እኔ አልጮኽኩም ነበር። ብርቱካን ሰጡኝ፤ ልጬ በላሁ።
ይርገዱ ሆኜ ገብቼ፣ ያርዴና ሆኜ ወጣሁ።

ማታ ሞራን፣ ዓይኗ እየበራ፣
«እንዴት ነው? አያስፈራም?»
«ያስፈራል» አልኳት። «ደራሲዋ ግን
ብርቱካኑን ረስታዋለች።»

«የምን ብርቱካን?»

ወንበር ሳብኩላት።