ቦርሳ ፈታሹ

ቤርሼቫ መናኸሪያ፣ ከበሩ ላይ ቆሜ፣
የሰው ቦርሳ ስከፍት ዘጠኝ ዓመት ከርሜ፣
“መሣሪያ አለ?” እላለሁ።
“የለም” ይላል ወታደሩ፣ ጠመንጃው ከትከሻው እንደተንጠለጠለ፤
“የለም” ይላል ሽማግሌው፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው እየቸኮለ፤
“የለም” ትላለች ተማሪዋ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፤
አንድም ሰው የለም ጎንበስ ብሎ “እስቲ ልየው” የሚል።
እኔም ላይ ላዩን ዳስሼ “እለፍ” እላለሁ፤
በር ላይ ለተጠየቀ መልሱ አንድ መሆኑን አውቃለሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤
ፈታሹ ሰውዬ ሊፈተሽ ወንበር ላይ ይቀመጣል።
ዶክተር ኢና ወረቀቷን ታነባለች፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ራስ ምታት፤
ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ትፈጥናለች፣ ፍም ረግጣ እንደምታልፍ ሴት።
“ራስን የማጥፋት ሐሳብ አለ?”
“የለም።”
ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ጭረት። እለፍ።

በዕብራይስጥ ጠይቃኝ፣ ቃሉ በአማርኛ ነው የሚደርሰኝ፤
ማጥፋት፦ የእናቴ ድምፅ፣ “መብራቱን አጥፋው፣ ይቆጥራል” የሚለኝ፤
ማጥፋት፦ ሽማግሌ ፊት ቆሞ “አጥፍቻለሁ” የሚባልበት፤
መጥፋት፦ የሰፈር ሰው አቅፎ “ምነው ጠፋህ?” የሚልበት።
“አለሁ” እለዋለሁ፤ “አለሁ፣ ባሩክ ሀሼም።”
ውሸት ነው አልልም። እውነት ነውም አልልም።

ብነግራትስ?
ሽጉጤን ይወስዳሉ። ይውሰዱት፤ እሱስ ሸክሜ ነው፤
ግን ፈቃዱ አብሮት ይሄዳል፤ ከፈቃዱ ጋር ደሞዜ ነው።
አስተርጓሚ ይጠራሉ፤ አስተርጓሚዋ ስንዱ ናት፣ የሚስቴ የአክስት ልጅ፤
አፏን ትጠብቃለች፤ ዓይኗን ግን ማን ይጠብቅልኝ በሠርግ ደጅ?
አቪኤል በመጋቢት ሠራዊት ይገባል፤ “የአባትህ ፋይል” ቢሉትስ?
ስልክ ተደውሎ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ክፍል ቢያስገቡኝስ?

ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ (ይኼን ለማንም አላወራሁ)
ዶክተሯ ትደነግጣለች። ሰው ሲደነግጥልኝ
አጽናኙ እኔው ነኝ፤ ለማጽናናት ደግሞ አቅም አጣሁ።

ሆዴ ታዞ ፈጀ። የሚፈጀው ሲያልቅበት እኔኑ ጀመረኝ፤
“ሆድ ይፍጀው” ብሎ ያሳደገኝ ይኼን አልነገረኝ።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሞሮኳዊት ባልቴት መጣች፤
“መሣሪያ አለ?” ብላት፣ “ቆይ፣ ልየው” አለች።
ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች፤
ሁለት ሎሚ፣ የዓይን ጠብታ፣ የሟች ባሏ መነጽር፣
ያልተከፈለ የውሃ ሂሳብ፣ መርፌ የተሰካበት ክር።
ሰልፉ አጉረመረመ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ “ይኼም አለ፣ ይኼም አለ”፤
ከሥሩ አንዲት የሎሚ ቢላዋ፤ እጇ ትንሽ ዋለለ።
“ውይ፣ አለ ለካ!” ብላ ሳቀች። “እስክመለስ ያዝልኝ” አለች።
ያዝኩላት። ቦርሳዋን ዘግታ፣ ቀልሏት፣ አውቶቡሷን ተሳፈረች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እንቅልፍ። ምግብ። ራስ ምታት።
ሰባት።
“ቆይ፣ ልየው” አልኳት።
እስክሪብቶዋ ቆመ።
“መጀመሪያ ግን አንቺ መልሺልኝ፤ ድንገት አንድ ነገር ቢገኝ፣
ሳትጮኺ፣ ሰልፉን ሳትጠሪ፣ እስክመለስ ትይዢልኛለሽ?”
ወረቀቷን ገለበጠችው። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።
ብዙ ቆየች።
“አልደነግጥም ብዬ አልዋሽህም” አለች፤
“ግን ዛሬ የሚያመልጠኝ አውቶቡስ የለም።”