ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ

ልደታ ፍርድ ቤት ፊት፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
ጋሽ ውብሸት ቁጭ አሉ፣ ሊያስጽፉ የክስ ነገር።
(የጽሕፈት መኪናዬ «ጠ»ን ካጣች ክረምት አልፏል፣
«ጠላት» ያለበት ክስ ሁሉ በእስክሪብቶ ይሞላል።)

«ጻፍ፦ ጎረቤቴ ታፈረ ድንበሬን ስንዝር ገፍቶብኛል፤
አባቱም ሌባ ነበር፣ ሰፈር ይመሰክርልኛል።»
ጣቴን ከመኪናዋ አንስቼ ሰቀልኩ፣
«አባቱ እዚህ አጥር ውስጥ ምን አገባው?» አልኩ።

«ተወው! ይሄን ጨምር፦ ዛሬ ስንዝር ካለፍኩለት፣
ነገ ጓዳዬ ነው፤ ከነገ ወዲያ አልጋዬ ላይ ነው የማገኘው በሌሊት!»
«አልጋው ገና ሩቅ ነው፤ ስለ አጥሩ እናውጋ።»
«ዳኛውም ይምረጥ፤ ከእኔ ጋ ነው ወይስ ከሌባ ጋ?»
«ካርታውስ?»
«ሰፈር ያውቃል!»
«ሰፈር ሜትር የለው።»
ባቡሩ ከላያችን አለፈ።
ካርታውን አወጡ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ላብ ያወየበው።

የሁለት ገጽ ቁጣ ሦስት መስመር ሆነ፣
በራሴ ብልጠት ልቤ ትንሽ ጀነነ።

«ስንት ነው?» «ሦስት መቶ።» «ለሦስት መስመር?» ሲሉኝ፣
«ሁሉም የሚያስከፍለው ይህንኑ ነው» አልኩኝ።
ጋሽ ውብሸት ቀስ ብለው ጣታቸውን ሰቀሉ፣
«ሁሉም እዚህ ወረቀት ውስጥ ምን አገባው?» አሉ።